ቅኔ ቤት፣ የትናንቱ ዛሬ የማይደገምበት ትምህርት ቤት

ስለ አብነት ትምህርት ሲወራ ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው አንድ ሥዕል ነው። ደበሎ የለበሰ ልጅ፣ አኮፋዳ፣ የሚያባርር ውሻ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሽምደዳ። ሥዕሉ ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። እዚያው ደብር አጥር ውስጥ ሽምደዳ ብቻውን የማያዋጣበት ቤት አለ። ቅኔ ቤት ይባላል። እዚህ ተማሪው የሚመዘነው የተነገረውን አንድ ሳያዛንፍ በመመለሱ አይደለም። ማንም ያላለውን በማለቱ ነው። የትናንት ቅኔውን ዛሬ ይዞ ቢመጣ አያልፍለትም። የጓደኛውን አምጥቶ «የኔ ነው» ቢልማ ጉድ ነው።

ቅኔ በግዕዝ የሚደረስ፣ በዜማ የሚባል፣ ቤት የሚመታ ግጥም ነው። ስሙ «ቀነየ» ከሚለው ግስ ይወጣል፤ ገዛ ማለት ነው። ሊቃውንቱም ቅኔን ለፈጣሪ የሚቀርብ መገዛት፣ የአፍ አገልግሎት አድርገው ይፈቱታል። ክቡን ቤተ ክርስቲያን የሚያውቅ ሰው የውጭውን ዙሪያ ቅኔ ማሕሌት ሲባል ሰምቷል። በበዓል ሌሊት ደብተራዎች፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን መዘምራን፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው የሚቆሙት፣ በማሕሌቱ መካከልም አዲስ ቅኔ የሚሰማው እዚያ ነው። የዕለቱ ቅኔ ለዕለቱ ይደረሳል። ምሥጢሩ፣ ማለትም በቃሉ ሥር የተሸሸገው ሐሳብ፣ ያማረ እንደሆነ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ይበል!» ይላል። ጭብጨባው፣ ሽልማቱ፣ ዲፕሎማው ይቺ ቃል ናት።

ተማሪው ቅኔ ቤት የሚደርሰው ብዙ መንገድ ሄዶ ነው። ፊደል ይቆጥራል፣ ንባብ ይለምዳል፣ ዳዊት ይደግማል። ብዙዎቹ በዜማ ቤትም ያልፋሉ። እስከዚህ ድረስ ያለው በአብዛኛው የቃል ጥናት ነው፤ ያነበበውን ግዕዝ ትርጉም ላያውቀው ይችላል። መዝሙረ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይወጣዋል፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር ፍታ ቢሉት ግን ይደናገራል። ቋንቋው በሩን የሚከፍትለት ቅኔ ቤት ሲገባ ነው። ከቅኔ ቀጥሎ የሚመጣው መጻሕፍት ቤት፣ ማለትም የብሉይ፣ የሐዲስ፣ የሊቃውንትና የመነኮሳት መጻሕፍት ትርጓሜ፣ ያለ ቅኔ አይደፈርም ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ካልተባለ ክብደቱ አይታይም። ግዕዝ የማንም አፍ መፍቻ አይደለም። በአደባባይ መነጋገሪያነቱን ከተወ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ሆኖታል። ቤት ውስጥ አማርኛ የሚያወራ የገበሬ ልጅ፣ እናቱ በማትናገረው ቋንቋ በየቀኑ አዲስ ግጥም እንዲያወጣ ይጠየቃል። ያውም ያለ ወረቀት።

መሣሪያው የሚጀምረው ከግስ ነው። የግዕዝ ግሶች በስምንት አርእስት ይመደባሉ፦ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማኅረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ። መጀመሪያው «ገደለ» ሆኖ ሁለተኛው «አመሰገነ፣ ለየ፣ አከበረ» መሆኑ ሁልጊዜ ያስቀኛል። የቀሩት ግሶች በእነዚህ ሥር ተሰልፈው ይረባሉ። እርባ ቅምር የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ አገባብ ይመጣል፤ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር ይገባል፣ ምን ምንን ይስባል የሚለው። ጠቅላላው ትምህርት ሰዋስው ይባላል። ሰዋስው በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ስም ለሰዋስው ያወጣ ቋንቋ እንዳለ እጠራጠራለሁ።

ዋናው ሥራ ግን ቆጠራ ነው። ተማሪው የኔታ ማታ የነገሩትን ቅኔ ሰምቶ፣ አፈታቱን ይዞ፣ በማግስቱ ብቻውን ወደ ደኑ ወይም ወደ አንድ ዛፍ ጥላ ይሄዳል። ተከናንቦ ይቀመጣል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አይሰማም። አንድ ቃል ያነሣል፣ ይጥላል፣ ሌላ ያነሣል። የማያውቅ መንገደኛ ቢያየው «ምን ነካው?» ብሎ ያልፋል። እሱ ግን በአንድ ጊዜ አራት ነገር እየያዘ ነው፤ የዜማውን ልክ፣ የቤቱን መምቻ፣ የግሱን እርባታ፣ ከሁሉም በላይ ምሥጢሩን። ሲመሽ የኔታ ፊት ያቀርባል። የኔታ ይሰማሉ። አገባቡ ከተሰበረ ይጠግናሉ፣ ቃሉ ከላላ ይነቅላሉ፣ ሌላ ይተክላሉ። ተማሪው የታረመውን ይዞ ይመለሳል። ነገ ደግሞ ሌላ።

ተማሪ ቅኔ «ይቆጥራል»፤ የበቃው ሰው ግን ቅኔ «ይዘርፋል»። ሳይዘጋጅ፣ በቆመበት፣ እንደመጣለት ማፍሰስ ማለት ነው። የሰው ንብረት የሚቀማም «ዘረፈ» ይባላል። ቅኔ ቤት ግን የሰው ንብረት የማይነካው ዘራፊ ነው የሚከበረው።

የቅኔ ዓይነቶች በቤት፣ ማለትም በመስመር፣ ብዛት በአብዛኛው ከፍ እያሉ ይሄዳሉ። ጀማሪው የሚገባው በጉባኤ ቃና ነው፤ 2 ቤት ብቻ። ዘአምላኪየ 3፣ ዋዜማ 5፣ ሥላሴ 6፣ መወድስ 8 ቤት አላቸው። ዕጣነ ሞገር መጨረሻው ላይ ነው። በመካከል ሌሎችም አሉ። ለጀማሪ ሁለት ስንኝ ቀላል ይመስላል። ኧረ በጭራሽ! በሁለት መስመር ውስጥ ምሳሌውም፣ ምሥጢሩም፣ ማሰሪያ አንቀጹም (ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ) መግባት አለባቸው። ጠባብ ቤት ውስጥ ዕቃ እንደ መደርደር ነው።

ምሥጢር ሲባል የሁሉም አፍ የሚሮጠው ወደ ሰምና ወርቅ ነው። ስሙ የመጣው ከወርቅ አንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ያፈስሳል፣ በባዶው ቦታ ወርቁን ያስገባል። በቅኔም ሰሙ የሚታየው ምሳሌ ነው፤ ወርቁ የተፈለገው ነገር። አሠራሩን ለማሳየት በአማርኛ አንዲት ስንኝ ልሞክር፦

ትዕግሥት ገበሬ ሌሊት ገሥግሦ፣
እውቀት ስንዴን ዘራ ልብ ማሳን አርሶ።

ገበሬ፣ ስንዴ፣ ማሳ ሰም ናቸው። ትዕግሥት፣ እውቀት፣ ልብ ወርቅ ናቸው። እያንዳንዱ ሰም ከወርቁ ጎን ተጣብቆ ቆሟል። «አርሶ» እና «ዘራ» የሚሉት ግሶች ግን ሁለቱንም ያገለግላሉ፤ በገበሬው በኩል እርሻ፣ በትዕግሥት በኩል ትምህርት። አንድ አጥንት፣ ሁለት ሥጋ። የእኔ ስንኝ የኔታ ፊት ብትቀርብ ቶሎ ትወድቃለች፤ ወርቋ ወለል ብሎ ይታያላ። ለመግቢያ ግን ትበቃለች።

ሰምና ወርቅ ከብዙ መንገዶች አንዱ ብቻ ነው። ኅብር አለ፤ አንዱ ቃል ራሱ ሁለት ፍቺ የሚይዝበት። ውስጠ ወይራ አለ፤ ላዩ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ የሆነ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ለዚህ ጨዋታ የተመቸ ነው። በአማርኛ «ዋና» ብለን ብንጽፍ አንዱ መዋኘት፣ አንዱ ትልቁ ጉዳይ ብሎ ያነበዋል። «ገና»ም እንደዚያው፤ በዓሉም ነው፣ ያልደረሰ ነገርም ነው።

ስለ ቅኔ ቤት ወግ ሲነሣ አብሾን መዝለል አይቻልም። አእምሮ ይከፍታል፣ ቅኔ ያዘንባል ተብሎ በተማሪዎች ዘንድ የሚወራለት ዕፅ ነው። የጠጣ ሁሉ ሊቅ አልሆነም፤ ያበደም ይወራል። ተክሉ አስተናግር ከሚባለው ወገን ነው፤ መርዛማ ነው፣ ይገድላልም። የወሬው መኖር ግን ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል። የቅኔ ችሎታ በጥናት ብቻ የሚመጣ አይመስልም ነበር፤ ከሌላ ቦታ የሚወርድ ነገር ተደርጎ ይታይ ነበር። ጸሎቱም፣ ሱባኤውም ከዚሁ ስሜት ጋር አብሮ የሚሄድ ነው።

ማን ጀመረው? ሊቃውንቱ አይስማሙም። አንዱ ወገን እንደ ዜማው ሁሉ ወደ ቅዱስ ያሬድ ይወስደዋል፣ ወደ 6ኛው መቶ ዘመን። ሌላው በወሎ ለዋድላው ሊቅ ለዮሐንስ ገብላዊ ይሰጣል። ሌላው ለጎጃሙ ሊቅ ለተዋነይ። ክርክሩ የአገር ክርክርም ነው፤ ወሎና ጎጃም ይሻማሉ። ስመ ጥር የሆኑት የቅኔ ቤቶችም ሦስት ናቸው፦ ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ። መምህራኑ በቃል አመራረጥና በአገባብ ይለያያሉ፤ ተማሪም አንዱን ቤት ጨርሶ ወደ ሌላው ይሻገራል።

ወደ ምርምሩ እንምጣ። ቅኔን ከቃል ወደ ወረቀት ያመጡት መጀመሪያ የራሳችን ሰዎች ናቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. የሊቃውንቱን ቅኔ ሰብስበው አሳተሙ። ሊቀ ሊቃውንት አድማሱ ጀምበሬ በ1963 ዓ.ም. ሌላ ትልቅ መድበል አወጡ። ከውጭ ጣሊያናዊው ኢኛስዮ ጉይዲ በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ላይ ስለ ቅኔ ጽፏል። በቋንቋው በኩል ጀርመናዊው አውግስጦስ ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1857 የግዕዝ ሰዋስው፣ በ1865 ደግሞ መዝገበ ቃላት አሳትሟል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት የግዕዝ መዝገበ ቃላት ግን ሌላ ጣዕም አለው። እሳቸው በቅኔ ቤት ያለፉ ሰው ናቸው። ሳይታተም አረፉ፤ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ከፍጻሜ አድርሰው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት።

በጣም የተወራለት ግን የአሜሪካዊው ማኅበራዊ ተመራማሪ የዶናልድ ሌቪን መጽሐፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣ፣ ርእሱም «ሰምና ወርቅ»። ሌቪን ከቅኔው ተነሥቶ የአማራውን ማኅበረሰብ አነጋገር ሊያነብ ሞከረ። ሁለት ትርጉም ያለው ንግግር ለመሸሸግ፣ ለመሸንቆጥ ያገለግላል፤ ነገርን በግልጽ ለሚፈልገው ዘመናዊ ኑሮ ግን አይመችም የሚል መንፈስ አለው። መጽሐፉን አከብረዋለሁ። እዚህ ላይ ግን አልስማማም። ቅኔ ቤት የተቀመጠ ሰው የሚማረው ማድበስበስን አይደለም። ሁለቱን ትርጉም ለየብቻ፣ በልክ፣ ያለ አንዳች የአገባብ ስሕተት ማቆምን ነው። የኔታ «ይህ ቃል በወርቁ በኩል አይገባም» ብለው ሲጥሉት ከዚያ የበለጠ ጥንቃቄ ምን አለ?

ቅኔን ከሌላው ዓለም የቃል ግጥም ጋር ስናስተያየውም ልዩ ነገር ይታያል። ሚልማን ፓሪና አልበርት ሎርድ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ዩጎዝላቪያ ሄደው የጀግና ታሪክ የሚያዜሙ ሰዎችን አጥንተው ነበር። ያገኙት ነገር ዘማሪው በቃሉ የያዘው ረጅም ግጥም የለም የሚል ነው። የተዘጋጁ ሐረጎች አሉት፤ እነሱን እየቀጠለ በዚያው ቅጽበት ይገጥማል። ቅኔም በቃል ነው፣ በዘረፋም ይመጣል። ከመጽሐፍ ቅዱስና ከገድላት የሚያነሣቸው ታሪኮችም የታወቁ ናቸው። ነገር ግን የተዘጋጀ ሐረግ መቀጠል እዚህ ድክመት ነው። ታሪኩ የድሮ ይሁን፣ ማገናኛው የዛሬ መሆን አለበት።

የትምህርቱን ሥርዓት ከውስጥ የጻፉት አለቃ እምባቆም ቃለ ወልድ ናቸው። ሥራቸውን መንግሥቱ ለማ ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት እ.ኤ.አ. በ1970 ኒው ዮርክ ታትሟል። መንግሥቱ ራሳቸው የቅኔ መምህር ልጅ ናቸው። የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብለው በ1959 ዓ.ም. በመጽሐፍ አውጥተዋል። የተማሪ ቤት ኑሮ፣ ረሀቡ፣ ቀልዱ፣ የመምህራኑ ጠባይ፣ ሁሉም በአንድ አዛውንት አፍ ይሰማል። ለእኔ ከብዙ ጥናት ይህ ይበልጣል።

ሴቶች በዚህ ቤት ውስጥ እምብዛም አይታዩም። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ግን ነበሩ። ዓይናቸው አያይም ነበር። ጎጃም ውስጥ ከአባታቸው ቅኔ ተምረው፣ ኋላ ራሳቸው ጉባኤ ዘርግተው ወንዶቹን አስተማሩ። ወረቀት የማይጠይቅ ትምህርት ለእሳቸው በሩን አልዘጋም።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሌላ መንገድ ተጀመረ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ደግሞ አድባራቱ መምህራንን የሚያኖሩበትን መሬት አጡ። ቅኔ ቤቶቹ ግን አልተዘጉም። ግዕዝም ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ይሰጣል።

ለተመራማሪ የሚቀረው ሥራ እዚህ ላይ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ከነዚያ ብዙዎቹን ዘርዝረው ያስቀመጡት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። መድበሎቹም አሉ። በመድበሉ ውስጥ ያለው ግን ታርሞ ያለቀው ቅኔ ነው። ተማሪው ከዛፉ ሥር ይዞት የመጣው፣ የኔታ የነቀሉት ቃል፣ በምትኩ የተከሉት፣ «ይሄማ አያስኬድም» ያሉበት ምክንያት ወረቀት ላይ አልሰፈረም። መማሩ ያለው ደግሞ እዚያ ውስጥ ነበር። ይህን የሚፈልግ ሰው መዝገብ ቤት አያገኘውም። ሲመሽ ሄዶ፣ ከተማሪዎቹ ኋላ ተቀምጦ፣ የኔታ ሲያርሙ መስማት አለበት።