የተፈጥሮ ጋዝ ማመንጫ፦ ሲጠሩት ከተፍ የሚል ኃይል

ኤሌክትሪክ አምርተው መጋዘን የሚከቱት ዕቃ አይደለም። ባትሪ አለ፤ ግን የአንድን አገር ሌሊት ለመሸፈን ገና ነው። ስለዚህ ምሽት ላይ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ሲያበራ፣ የሚፈለገው ኃይል በዚያችው ቅጽበት መመንጨት አለበት። አለበለዚያ የመስመሩ ፍሪኩዌንሲ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚወዛወዝበት ብዛት) ይወርዳል፤ ሲብስ መብራት ድርግም ይላል።

የተፈጥሮ ጋዝ ማመንጫ የሚፈለገው ለዚህ ሰዓት ነው። ቀላሉ ዓይነት ከቆመበት ተነስቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሙሉ ኃይሉን ይሰጣል። ከቀዘቀዘ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ይህን መጠበቅ አይቻልም፤ እሱ ለመነሳት ሰዓታት ይፈልጋል። ዛሬ ከዓለም ኤሌክትሪክ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሚሆነው ከጋዝ ይመነጫል።

አሠራሩ ከአውሮፕላን ጄት ሞተር ጋር ይዛመዳል። ኮምፕረሰሩ አየር ስቦ ያምቃል። የታመቀው አየር ከጋዙ ጋር ሆኖ ይቀጣጠላል። ከዚያ የሚወጣው የጋለ ጋዝ ተርባይኑን ያዞራል፣ ተርባይኑ ደግሞ ጀነሬተሩን። የሚገርመው፣ ተርባይኑ ከሚያወጣው ጉልበት ግማሽ ያህሉን መልሶ የሚበላው የራሱ ኮምፕረሰር ነው።

የተርባይኑን ክንፎች ጠጋ ብለን እንያቸው። በዘመናዊ ማሽን የመጀመሪያውን ረድፍ የሚመታው ጋዝ ከ1,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል። ክንፉ የተሠራበት የኒኬል ቅይጥ ግን ከዚያ በታች ይቀልጣል። ታዲያ እንዴት ይተርፋል? ውስጡ ክፍት ነው። ከኮምፕረሰሩ የተቀዳ አየር በውስጡ ያልፍና በጥቃቅን ቀዳዳዎች እየወጣ ላዩን በስሱ ይሸፍነዋል። በዚያ ላይ ሴራሚክ ይቀባል። አንዳንዱ ክንፍ እንዲያውም ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ክሪስታል ነው።

ለሕዝብ ኤሌክትሪክ የሚያቀርበው የመጀመሪያው የጋዝ ተርባይን ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1939 በስዊዘርላንዷ ኑሻቴል ከተማ ነው። 4 ሜጋ ዋት ነበር። ከነዳጁ ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ የቀረው በአብዛኛው በጭስ ማውጫው ይሄድ ነበር። ለውጡ የመጣው ይህን የሚባክን ሙቀት በመያዝ ነው። ከተርባይኑ 600 ዲግሪ ገደማ ሆኖ የሚወጣው ጋዝ ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱም ሁለተኛ ተርባይን ያዞራል። ጥምር ዑደት ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በፈረንሳይ ቡሻን የተመረቀው ማመንጫ በዚህ ዘዴ ከ62 በመቶ አልፏል። ግብፅ ደግሞ በ2018 ያጠናቀቀቻቸው ሦስት ማመንጫዎች እያንዳንዳቸው 4,800 ሜጋ ዋት ናቸው።

ድክመቱ ቧንቧው ላይ ነው። ድንጋይ ከሰል ግቢ ውስጥ ለሳምንታት ተቆልሎ ይቀመጣል። ጋዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ እየመጣ ይነዳል። በየካቲት 2021 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካዋ ቴክሳስ የወረደው ብርድ የጋዝ ጉድጓዶችንና መሣሪያዎችን አቀዘቀዘ። ኃይል ለመቆጠብ መብራት ሲቆረጥ ደግሞ አንዳንድ የጋዝ ተቋማት አብረው ጠፉ። መብራት ለማመንጨት ጋዝ፣ ጋዙን ለመግፋት መብራት፤ ሁለቱም እርስ በርስ ተጠላልፈው ቆሙ።

ስለ ንጽሕናው ብዙ ይባላል። ለእኩል ኤሌክትሪክ የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከድንጋይ ከሰል ግማሽ ያህል ነው፤ ጥላሸትና ድኝም እምብዛም የለውም። ግን ጋዙ በዋናነት ሚቴን ነው። ሳይነድ ካፈተለከ በ20 ዓመት ውስጥ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። ስለዚህ «ንጹሕ ነዳጅ» ከማለት በፊት መታየት ያለበት የማመንጫው ጭስ ማውጫ ብቻ ሳይሆን ከጉድጓዱ ጀምሮ ያለው መስመር ይመስለኛል።

የፀሐይና የነፋስ ኃይል በበዛ ቁጥር በአንዳንድ ቦታ የጋዝ ማመንጫዎች የሚሠሩበት ሰዓት እያነሰ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቆመው ጥቂት መቶ ሰዓት ብቻ የሚሠሩ አሉ። ግን አይፈርሱም። በአንዳንድ አገሮች ላመነጩት ብቻ ሳይሆን ተዘጋጅተው ስለጠበቁም ይከፈላቸዋል።