ቀጥተኛና ኢ-ቀጥተኛ ተሳቢ በእንግሊዝኛ

በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ድርጊቱ የሚያርፍበት ነገር ቀጥተኛ ተሳቢ ይባላል። ያን ነገር የሚቀበለው ወይም የሚደረግለት ደግሞ ኢ-ቀጥተኛ ተሳቢ ነው። «ሳራ ጌቭ ዮናስ ኤ ቡክ» ስንል የተሰጠው መጽሐፍ ቀጥተኛው ነው፤ ተቀባዩ ዮናስ ኢ-ቀጥተኛው።

ሐሳቡ ለእኛ አዲስ አይደለም። የሚያስቸግረው ምልክቱ ነው። አማርኛ «ን» እና «ለ» አሉት። «ሳራ መጽሐፉን ለዮናስ ሰጠችው» ብንልም፣ «ለዮናስ ሳራ መጽሐፉን ሰጠችው» ብንልም ማን ለማን እንደሰጠ አይጠፋንም። ጥንታዊው እንግሊዝኛም የስሞቹን መጨረሻ እየለዋወጠ ሙያቸውን ያሳይ ነበር። በመካከለኛው ዘመን እነዚያ ምልክቶች ረገፉና ሥራው በአብዛኛው ለቃላት ቅደም ተከተል ተተወ። ስለዚህ ዛሬ «ሳራ ጌቭ ኤ ቡክ ዮናስ» ማለት አይቻልም።

ነገሩን ማስቀደም ከፈለግን ተቀባዩ መስተዋድድ ይዞ ይመጣል፦ «ሳራ ጌቭ ኤ ቡክ ቱ ዮናስ»። አንዳንድ የሰዋስው ምሁራን ይሄኛውን ኢ-ቀጥተኛ ተሳቢ ማለት አይወዱም፤ የመስተዋድድ ሐረግ ነው ይላሉ። ክርክሩ ለጀማሪ ብዙም አይጠቅምም።

ይልቅ የሚጠቅመው «ቱ» እና «ፎር»ን መለየት ነው። የእኛ «ለ» ሁለቱንም ስለሚሸፍን እዚህ ላይ እንሳሳታለን። ነገሩ ለሰውየው ከደረሰ «ቱ» ነው፤ ጊቭ፣ ሴንድ፣ ሾው እንዲህ ናቸው። ለእሱ ተብሎ ከተገዛ ወይም ከተሠራ «ፎር» ይሆናል፤ ባይ፣ ኩክ፣ ሜክ። «አይ ጌቭ ኢት ፎር ሂም» ያለ ሰው «ሰጠሁለት» ማለት ፈልጎ ይሆናል፤ ሰሚው ግን «በእሱ ምትክ ሰጠሁ» ብሎ ሊረዳው ይችላል።

ከሁሉ የባሰችው «ኤክስፕሌይን» ናት። «አስረዳኝ» የሚለው በአንድ ቃል ስለሚያልቅልን «ኤክስፕሌይን ሚ ዚስ» ከአፋችን ያመልጣል። ትክክለኛው «ኤክስፕሌይን ዚስ ቱ ሚ» ነው። «ዲስክራይብ» እና «ዶኔት»ም እንደዚያው ናቸው። ከላቲን የመጡ ብዙ ግሦች ተቀባዩን ያለ መስተዋድድ አያስጠጉም። «ቴል» ግን በተቃራኒው ነው፦ «ሂ ቶልድ ሚ» እንጂ «ሂ ቶልድ ቱ ሚ» አይባልም።

ሁለቱም ተሳቢዎች ተውላጠ ስም ሲሆኑ «ጊቭ ኢት ቱ ሚ» ይመረጣል። «ጊቭ ኢት ሚ» የሚሉ እንግሊዞች አሉ፤ ፈተና ላይ ግን ባይሞከር ይሻላል።