የፈሳሽ ክሪስታል ቴርሞሴቶች ባሕርይና የሞለኪዩል ቅርጽ

አንዴ ከጠነከረ በኋላ ቢሞቅም የማይቀልጥ ፕላስቲክ ቴርሞሴት ይባላል። ፒያሳ አካባቢ ሞባይል ያስጠገነ ሰው ሳያየው አይቀርም፤ የስልኩ ቦርድ በአብዛኛው የመስታወት ክርና ኢፖክሲ የሚባል የሚጠነክር ሙጫ ነው። ፈሳሽ ክሪስታል ቴርሞሴት ግን ለየት ይላል። ሞለኪዩሎቹ ገና ሳይጠነክሩ ይሰለፋሉ፤ ሲጠነክሩ አሰላለፋቸው እዚያው ይቆለፋል።

ፈሳሽ ክሪስታል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሪድሪሽ ራይኒትዘር ኮሌስትሪል ቤንዞኤትን አሞቀ። በ145.5 ዲግሪ ሴልሲየስ ቀልጦ ደፈረሰ፤ በ178.5 ዲግሪ ጠራ። የደፈረሰው ፈሳሽ ሞለኪዩሎቹ የተሰለፉበት ፈሳሽ ክሪስታል ነው፤ ሲጠራ ግን አሰላለፉ ይጠፋል። ቴርሞሴቶቹ የመጡት ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

የሁሉም ነገር መነሻ ሜሶጅን የሚባለው ግትር ክፍል ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት የቤንዜን (የካርቦን) ቀለበቶች ተገጣጥመው የሚሠሩት ነው። በሣጥን ውስጥ እንዳለ የክብሪት እንጨት ቀጥ ያለ ስለሆነ ጎን ለጎን መተኛት ይቀለዋል። ጫፎቹ ላይ ኢፖክሲ ወይም አክሪሌት የሚባል ተጣማሪ ክፍል ይገባል፤ ሞለኪዩሎቹን እርስ በርስ አያይዘው መረቡን የሚያስሩት እነሱ ናቸው።

በመሃል ለስላሳ የካርቦን ሰንሰለት ሲጨመር ቁሱ በዝቅተኛ ሙቀት ይቀልጣል፤ ለሥራም ይመቻል። ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር ግን ግትርነቱና ሙቀት የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል። ከሜሶጅኑ ጎን ሜቲል የሚባል ትንሽ የካርቦን ክፍል ሲለጠፍበት ጎረቤቶቹን ስለሚያርቅ የመቅለጫ ሙቀቱ ይወርዳል። የሚለጠፈው ከገዘፈ ግን አሰላለፉ ጭራሽ ይፈርሳል።

የማጠንከሪያው ሙቀትም ወሳኝ ነው። ፈሳሹ ከጠራ በኋላ ቢጠነክር የተበታተነ መረብ ይሆናል። ያው ኬሚካል፣ ሁለት የተለያየ ቁስ! በአሜሪካ ሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ በጠንካራ የማግኔት መስክ ውስጥ የጠነከረ ኢፖክሲ፣ በተሰለፈበት አቅጣጫ ግትርነቱ ከ3 ጊጋፓስካል ገደማ ወደ 8 ደርሷል። ሙቀት ማስተላለፍም ይጨምራል። ተራ ኢፖክሲ በሜትር በኬልቪን 0.2 ዋት ገደማ ሲያስተላልፍ፣ ጃፓን ውስጥ የተሠራው ፈሳሽ ክሪስታል ኢፖክሲ እስከ 0.96 አድርሶታል። ለሚግል ቦርድ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስንጥቅ የመቋቋም አቅሙም የተሻለ ነው። ምክንያቱ አሰላለፉ ብቻ ነው ወይስ የመረቡ መሳሳትም ድርሻ አለው የሚለው ምናልባት ገና ያከራክራል።

የእኛው አራት ኪሎ ለዚህ ትምህርት ባዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ምሁራን፣ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፉ ፖሊመሮች ላይ ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር ለዓመታት አኩሪ ሥራ ሠርተዋል። ቀለበት ከቀለበት መቀጠል የለመደ እጅ ሜሶጅን መሥራት አይከብደውም። ውጤቱን ለመፈተሽም ፖላራይዝድ ማይክሮስኮፕና ማሞቂያ ይበቃል፤ የተሰለፉ ሞለኪዩሎች በማይክሮስኮፑ ሲታዩ ቀለማት ያሳያሉ፤ የጠነከረው ናሙና ሲሞቅ ቀለማቱ ካልጠፉ አሰላለፉ ተቆልፏል።