ለስኳር ሕመምተኛ ራስን መንከባከብ ምንድን ነው?

ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሐኪም ፊት የሚቀርበው በቀጠሮው ቀን ብቻ ነው። በሌላው ቀን ሁሉ ምን እንደሚበላ፣ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ፣ መድኃኒቱን መቼ እንደሚውጥ የሚወስነው ራሱ ነው። ራስን መንከባከብ የሚባለው ይኸው የየዕለት ሥራ ነው። ሕመምተኛውን «እንግዲህ በርታ» ብሎ መሸኘት ግን አይደለም፤ ሥራውን የምታለማምደው በአብዛኛው ነርሷ ናት።

በእኔ እምነት የነርስ ዋና መሣሪያ ጥያቄ ነው። ጎንደር ውስጥ አንዲት እናትን «ጣፋጭ ይተዉ፣ መድኃኒት አያቋርጡ» ቢሏቸው «እሺ ሲስተር» ብለው ይሄዳሉ። «እማማ፣ በዐቢይ ጾም እህል የሚቀምሱት በስንት ሰዓት ነው?» ያለች ነርስ ግን ቁም ነገሩን ታገኘዋለች። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ሆነው ጠዋት ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ከዋጡ፣ መድኃኒቱ ቆሽት ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ስለሚገፋፋ የደም ስኳራቸው በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ሊወርድ ይችላል፤ ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይደናገራሉ። ሜትፎርሚን የሚባለው ሌላው የስኳር መድኃኒት ብቻውን ሲወሰድ ይህ እምብዛም አያጋጥምም። ስለዚህ ጾሙ ሳይገባ ከሐኪሙ ጋር ተመካክራ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን እንዲስተካከል ታደርጋለች። ምልክቱ ከመጣም ጾሙን ትተው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው እንዲጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም ስኳራቸውን እንዲለኩ ታሳያቸዋለች። ጸበል የሚሄድ ሰው ቢሆን መድኃኒቱን ይዞ እንዲሄድ ትመክራለች እንጂ ከእምነቱ ጋር ሙግት አትገጥምም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እግር ነው። ነርሷ ጫማ አስወልቃ፣ ዓይን አስጨፍና፣ በቀጭን የናይለን ክር የውስጥ እግርን ትነካለች። የተነካበት ቦታ ካልታወቃቸው ነርቩ ተጎድቷል፤ እሾህ ቢወጋቸውም ላይሰማቸው ይችላል። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ጫማ አውልቆ ለሚሳለም፣ ለጥምቀት ታቦት አጅቦ ወደ ፋሲል መጠመቂያ በባዶ እግሩ ለሚወርድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማታ ማታ እግርን ታጥቦ በጣቶች መካከል ማድረቅ፣ ጎንበስ ማለት ላቃተው ደግሞ የልጅ ልጅ ውስጥ እግሩን እንዲያይለት ማድረግ ምንም ወጪ የለውም።

ምክሩ ሲያልቅ ጥሩ ነርስ «ገባዎት?» አትልም፤ ማን «አልገባኝም» ይላል? «ቤት ሲደርሱ ለልጅዎ እንዴት አድርገው ይነግሯታል?» ትላለች። መልሱ ከተዛባ እንደገና በሌላ አነጋገር ታስረዳለች።