የፊት ሙላት መቀነስ ምንድን ነው?

«ምነው ከሳህ?» አለኝ ለዓመታት ያልተያየን አንድ ወዳጄ። አልከሳሁም። እንዲያውም ሱሪዬ ወገቤ ላይ አልዘጋ ካለኝ ቆይቷል። ቤት ገብቼ ሚዛን ላይ ወጣሁ፤ ቁጥሩ ለወዳጄ አልመሰከረለትም። መስታወት ፊት ስቆም ግን የሚለው ገባኝ። ጉንጬ ጠፍጠፍ ብሏል። ከዓይኔ ሥር ጎድጎድ ብሏል። ሰውነቴ እየወፈረ ፊቴ ብቻውን ከስቷል።

ይህ ነገር የፊት ሙላት መቀነስ ይባላል። ዕድሜ ሲገፋ ከፊት ቆዳ ሥር ያለው ስብ ይሟሽሻል፣ አጥንቱ ይሳሳል፣ ቆዳውም ራሱ ይቀጥናል። ፊት ሙሉ ሆኖ እንዲታይ ያደረጉት ነገሮች አንድ ላይ ይጎድላሉ። ብዙ ሰው ለውጡን የሚያስተውለው ከሠላሳዎቹ መጨረሻ ወይም ከአርባዎቹ ጀምሮ ነው።

አብዛኞቻችን ፊት የሚያረጀው ቆዳ ስለላላ ይመስለናል። ለዚህም ነው መስታወት ፊት ቆመን ጉንጫችንን በሁለት ጣት ወደ ጆሯችን ሳብ የምናደርገው። ግን አንድ ያረጀ ትራስ አስቡ። ጨርቁ ተጨማድዷል፣ ጫፉ ተንጠልጥሏል። ጨርቁ ሰፍቶ ነው? በከፊል ሊሆን ይችላል። በዋናነት ግን ውስጡ ያለው ጥጥ አንሷል። ፊትም እንደዚያው ነው። ይህች ልዩነት ቀላል ትመስላለች፤ ሕክምናውን በሙሉ የቀየረችው ግን እሷ ናት።

ከስቡ እንጀምር። የፊት ስብ እንደ አንድ ወጥ ብርድ ልብስ የተነጠፈ አይደለም። በ2007 ሮድ ሮሪች እና ጆኤል ፔሳ የተባሉ ሐኪሞች አስከሬን ፊት ውስጥ ሰማያዊ ቀለም እየወጉ የት ድረስ እንደሚሰራጭ ያዩበትን ጥናት አሳተሙ። ቀለሙ ፊቱን በሙሉ አላዳረሰም። አንዱን ክልል ይሞላና ድንበሩ ላይ ይቆማል። ስቡ በቀጭን ግድግዳ የተከፋፈለ የክፍሎች ስብስብ ነው ማለት ነው። ከላይ ከቆዳው ሥር ያሉ ክፍሎች አሉ፤ ከእነሱ በታች አጥንቱን ተጠግተው የተቀመጡ ሌሎች አሉ። ታዲያ ሁሉም እኩል አያረጁም። ጉንጭን ከሥር ደግፎ የያዘው ጥልቁ ስብ ሲሟሽሽ፣ ላዩ ያለው መደገፊያ ያጣና ወደ ታች ይወርዳል። በዚህ የተነሳ አንዱ ቦታ ይጎደጉዳል፣ ሌላው ይቆለላል። ከዓይን ሥር ጥላ ያጠላል። ከአፍንጫ ጥግ ወደ አፍ ዳር የሚወርደው መስመር ይጠልቃል። ከአገጭ ግራና ቀኝ ደግሞ ድሮ ያልነበረ ነገር ተንጠልጥሎ ይገኛል። አንድ ፊት ላይ ጉድለትም ትርፍም በአንድ ጊዜ የሚታየው ለዚህ ነው።

ከስቡ ሥር አጥንት አለ። አጥንት አንዴ አድጎ ካበቃ የማይለወጥ ይመስለናል እንጂ ዕድሜ ልኩን የሚፈርስና የሚገነባ ሕያው አካል ነው። በስተርጅና መፍረሱ ከመገንባቱ ይበልጣል። የዓይን ጉድጓድ ይሰፋል። የላይኛው መንጋጋ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ የአፍንጫ ጫፍም አብሮት ዝቅ ይላል። የታችኛው መንጋጋ ያንሳል። ጥርስ የወለቀበት ሰው ላይ ደግሞ ነገሩ ይፈጥናል፤ ጥርሱን ይዞ የነበረው አጥንት ሥራ ሲያጣ ይሟሟል። አንዳንድ አረጋውያን አፋቸው ወደ ውስጥ የገባ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቆዳው ቢሆን ከነገሩ ነፃ አይደለም። ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ከወጣትነት በኋላ በየዓመቱ በግምት አንድ በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሴቶች ላይ የወር አበባ በሚቋረጥበት ዕድሜ መቀነሱ ይብሳል። ከዚያ በኋላ ባሉት 5 ዓመታት ብቻ 30 በመቶ ገደማ ሊጠፋ ይችላል። ሲጋራ ያፋጥነዋል፣ ፀሐይ ከዚያም በላይ። በ2012 አንድ የሕክምና መጽሔት የ69 ዓመት የጭነት መኪና ሾፌር ፎቶ አውጥቶ ነበር። ሰውየው 28 ዓመት ሲነዳ ፀሐይ በመስኮት የምታገኘው በግራ በኩል ነው። የግራ ፊቱ ቆዳ ከቀኙ በብዙ ዓመት የሚበልጥ ይመስላል። አንድ ሰው፣ ሁለት ዕድሜ።

ዕድሜ ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም። በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ የቀነሰ ሰው ፊቱ ላይ ይታወቅበታል። ሰሞኑን «የኦዘምፒክ ፊት» የሚባለው ነገር ይኸው ነው። ክብደት የሚቀንሰው ኦዘምፒክ የተባለው የስኳር በሽታ መድኃኒት ፊትን ለይቶ አይበላም፤ ክብደት በፍጥነት ሲወርድ የፊትም ስብ አብሮ ይወርዳል፣ በቃ። ስታቩዲንን የመሳሰሉ የቀድሞ የኤችአይቪ መድኃኒቶች ግን በእርግጥም የፊትን ስብ ያሟሽሹ ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፦ ያለ ምክንያት ክብደት እየቀነሰ ፊት ከከሳ፣ ወይም አንድ ጎን ብቻ ከሰረጎደ፣ ጉዳዩ የውበት አይደለም። መጀመሪያ መታየት ያለበት የበሽታ ሐኪም ዘንድ ነው።

ወደ ሕክምናው እንሂድ። ክሬም ቆዳን ሊያለሰልስ ይችላል። የፀሐይ መከላከያም የቀረውን ኮላጅን ይጠብቃል። የጠፋ ስብና አጥንት የሚመልስ ክሬም ግን የለም፤ ዕቃው ላይ ምንም ቢጻፍ። ቦቶክስም ሙላት አይሰጥም። እሱ ጡንቻን ለጥቂት ወራት የሚያዝል መድኃኒት ነው፤ ሥራው ግንባር ስንቋጥር የሚመጡትን መስመሮች ማለዘብ ነው። ሙላት የሚሰጠው ፊለር፣ ማለትም ከቆዳ ሥር በመርፌ የሚገባ መሙያ ነው። ሁለቱም በመርፌ ስለሚሰጡ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል።

ፊትን የመሙላት ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1893 ኖይበር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ከክንድ ስብ ወስዶ የተሰረጎደ ፊት ሞልቷል። ትንሽ ቆይቶ ፓራፊን፣ ማለትም የሻማ ሰም፣ በመርፌ መውጋት ፋሽን ሆነ። ሰሙ ከቦታው እየሸሸ፣ ሥጋ ውስጥ እየጠጠረ የብዙ ሰው ፊት አበላሸ። በ1981 ከላም የተወሰደ ኮላጅን በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ፤ አለርጂ ስለሚያስነሳ ግን አስቀድሞ ክንድ ላይ መሞከር ነበረበት። ነገሩን የለወጠው ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው። ይህ ውሃ የሚይዝ ንጥረ ነገር በራሳችን ቆዳና መገጣጠሚያ ውስጥ አለ። መጀመሪያ የተገኘው በ1934 በላም ዓይን ውስጥ ነው። ከሃያሉሮኒክ አሲድ የተሠራው ሬስቲሌን የተባለ ፊለር በ2003 መጨረሻ በአሜሪካ ተፈቀደ።

ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ይኸው የሃያሉሮኒክ አሲድ ጄል ነው። ለከንፈር ለስላሳው፣ ለጉንጭና ለአገጭ ጠንከር ያለው ይመረጣል። እንደ ዓይነቱና እንደ ቦታው ከ6 እስከ 18 ወር ያህል ይቆያል። አንድ መርፌ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው 1 ሚሊ ሊትር ነው፤ የሻይ ማንኪያ አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ። አንድ መርፌ ፊትን ከላይ እስከ ታች ይለውጣል ብሎ መጠበቅም፣ አንድ መርፌ ተወጋሁና ፊቴ አበጠ ብሎ መፍራትም ልክ አይመጣም።

ሌሎቹ አሠራራቸው ይለያል። ስካልፕትራ የሚባለው፣ ከፖሊ ላክቲክ አሲድ የተሠራው፣ እንደ ጥጥ አይሞላም፤ ሰውነት የራሱን ኮላጅን እንዲሠራ ይቆሰቁሳል። በ2004 በአሜሪካ መጀመሪያ የተፈቀደውም ለኤችአይቪ ሕሙማን ነው። ትዕግሥት ይፈልጋል። በተወጉበት ቀን ፊት ሙሉ ይሆናል፣ በጥቂት ቀን ያ ሙላት ይጠፋል፤ የተቀላቀለበት ውሃ ነበርና። እውነተኛው ለውጥ የሚመጣው በሳምንታትና በወራት፣ በተደጋጋሚ ቀጠሮ ነው። ከዚያ ግን ሁለት ዓመት ገደማ ሊቆይ ይችላል። ካልሲየም ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባል፣ አጥንትና ጥርስ ውስጥ ካለው ማዕድን ጋር አንድ ዓይነት የሆነም አለ። ከራስ ሆድ ወይም ጭን ስብ ወስዶ ፊት ላይ መትከልም ይቻላል። ከተተከለው ስብ ከፊሉን ሰውነት መልሶ ይመጠዋል፤ የያዘው ግን ለዓመታት ይኖራል። ቆዳ የሚስበው ቀዶ ሕክምና የላላውን ይሰበስባል እንጂ የጎደለውን አይሞላም። ድሮ ፊታቸውን ያሳቡ አንዳንድ ሰዎች ነፋስ ፊት ለፊት የመታቸው የሚመስሉት ለዚህ ነው። ዛሬ ብዙ ሐኪሞች መሳቡንና መሙላቱን አንድ ላይ ያደርጉታል።

አደጋውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። እብጠትና መበለዝ የተለመደ ነው፤ በቀናት ይጠፋል። ከባዱ ፊለሩ ደም ሥር ውስጥ ሲገባ ነው። የቆዳ ክፍል ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። እምብዛም ባይሆንም ዓይን እስከ መጥፋት ይደርሳል፤ በቅንድቦች መሐልና አፍንጫ ላይ ደግሞ ሥጋቱ ይበልጣል። ከመርፌው በኋላ ቆዳ ነጭ ከሆነ፣ እንደ መረብ ከተዥጎረጎረ፣ ኃይለኛ ሕመም ከመጣ ወይም እይታ ከደበዘዘ ነገ አያለሁ አይባልም፤ እዚያው በዚያው መታከም ያሻል። የሃያሉሮኒክ አሲድ ትልቁ ብልጫ እዚህ ላይ ነው። ሃያሉሮኒዴዝ የተባለ ኢንዛይም ያሟሟዋል። ሌሎቹን በዚህ መንገድ ማሟሟት አይቻልም። ስለዚህ ሐኪሙን እንድትጠይቁት የምመክረው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ነው?» ሳይሆን «ማሟሟቻው እዚህ አለ?» የሚለው ነው። ፈሳሽ ሲሊኮን ለፊት መሙያ ልውጋችሁ ካላችሁ ሰው ሽሹ። ኢንተርኔት ላይ ከሚሸጡ መርፌ አልባ እስክሪብቶዎችም እንዲሁ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2021 አስጠንቅቆባቸዋል።

ሌላው አደጋ መብዛት ነው። ሰው መስመሩን ያይና መስመሩን ሙሉልኝ ይላል። እሱ ሲሞላ ደግሞ ሌላው ይታየዋል። በመጨረሻ ፊቱ ወጣት ሳይሆን ያበጠ ይሆናል፤ ሲስቅ ጉንጩ ዓይኑን ይከድነዋል። ጥሩ ሐኪም ጣታችሁ የጠቆመውን ብቻ አይከተልም። የዛሬ 10 ወይም 15 ዓመት የተነሣችሁትን ፎቶ አምጡ ይላል። አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያያል። ብዙ ጊዜ የጎደለው የጠቆማችሁት መስመር ጋ አይገኝም። ከዚያ ከፍ ብሎ፣ ጉንጩ ላይ ወይም ከዓይን ጎን ከቅንድብ ጫፍ ወዲያ ነው።