ከባትሪ ድንጋይ እስከ ታይፕ ሲ፦ የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻ ባትሪና ቻርጅ

ካሴት በቢክ እስክሪብቶ አጠንጥነህ ታውቃለህ? ያ ሁሉ ድካም ለባትሪ ነበር። ዎክማን (የኪስ ካሴት ማጫወቻ) ውስጥ ድንጋዩን በዋናነት የሚጨርሰው ካሴቱን የሚያዞረው ሞተር ነው። በቁልፍ ወደ ኋላ ማጠንጠን ደግሞ ሞተሩን የባሰ ያሠራዋል። ስለዚህ እስክሪብቶውን ካሴቱ ጥርስ ውስጥ ሰክቶ በእጅ ማሽከርከር ነው።

ሶኒ የመጀመሪያውን ዎክማን ጃፓን ውስጥ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የሚሠራው በሁለት ትንንሽ ድንጋዮች ነበር፤ የግድግዳ ሰዓት ውስጥ የሚገባው ዓይነት። የቤቱ ትልቅ ቴፕ ግን ትልልቁን ድንጋይ ስድስትም ስምንትም ይውጣል። ትንሹም ትልቁም አዲስ ሲሆኑ 1.5 ቮልት ናቸው። ትልቁ ብዙ ስለሚይዝ ረጅም ጊዜ ይቆያል እንጂ በጉልበት አይበልጥም።

ድንጋይ ሲደክም ጆሮ ቀድሞ ያውቃል። ዘፈኑ ይጎተታል፣ የሴት ድምፅ ወፍሮ የወንድ ይመስላል። ያኔ ድንጋዩ ይወጣና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ወይም በጥርስ ይነከሳል። ይህ ዝም ብሎ ወሬ አይደለም፤ ሙቀት በውስጡ ያለውን ኬሚካላዊ ሂደት ያፈጥነዋል። ነገር ግን ያለቀውን ኃይል አይመልስም፤ የቀረችውን አሟጦ ማውጣት ብቻ ነው። የተነከሰ ድንጋይ ደግሞ ያፈሳል፣ ማጫወቻውንም ያዝገዋል። የዛሬው ማጫወቻ እንዲህ አያቃስትም። እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ጥርት ብሎ ይዘፍንና ድንገት ጭጭ ይላል።

በኋላ ተመልሶ የሚሞላ የኒኬል ባትሪ መጣ። ቮልቱ 1.2 ቢሆንም አብዛኛው ማጫወቻ ችግር የለበትም። ሶኒ አንዳንድ ቀጫጭን ዎክማኖቹን ማስቲካ በሚመስል ጠፍጣፋ ባትሪ ያሠራቸው ነበር። ከጎን የምትገጠም ትንሽ ቤትም ነበረቻቸው፤ ቻርጅ ካለቀ እሷ ውስጥ ተራ ድንጋይ አስገብቶ መቀጠል ይቻላል። ለእኔ እስከ ዛሬ ከተሠሩት ሁሉ ብልሁ መላ ይሄ ነው።

ሊቲየም አዮን ባትሪን ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያቀረበውም ሶኒ ነው፣ በ1991። ከ10 ዓመት በኋላ የወጣው የአፕል አይፖድ በዚሁ የሊቲየም ቤተሰብ ባትሪ 10 ሰዓት ይጫወት ነበር። ዘዴው ደስ ይላል። ውስጡ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አለ፣ ዲስክ ደግሞ ባትሪ በላተኛ ነው። ስለዚህ ዘፈኖቹን አስቀድሞ 32 ሜጋባይት ሚሞሪ ላይ ይጭንና ዲስኩን ያስተኛዋል። ዘፈን ቶሎ ቶሎ የሚዘል ሰው ግን ዲስኩን በየጊዜው ይቀሰቅሰዋል፤ 10 ሰዓቱንም አያይም።

ጣጣው ባትሪው ታሽጎ መምጣቱ ነው። ሊቲየም ያረጃል። ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ መያዝ የሚችለው ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በ2003 ቅሬታው ሲበዛ አፕል በ99 ዶላር ባትሪ መቀየር ጀመረ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶም በ2005 በስምምነት አለቀ።

የእኛ ሰፈር ማጫወቻ ሌላ ታሪክ አለው። ሚሞሪና ፍላሽ የሚቀበሉት ርካሽ የቻይና ሬድዮዎች ብዙዎቹ የኖኪያ ቀፎ ባትሪ ነው የሚጠቀሙት፣ ያቺን ቢኤል 5ሲ የምትባለውን። ከኋላ ክዳኑን በጥፍር ከፍቶ መቀየር ነው። መብራት ሲሄድ ከስልኩ አውጥቶ ሬድዮው ላይ መግጠምም ይቻላል።

ባትሪ ከሚበሉት ቀዳሚው ስክሪኑ ነው። ቀጥሎ ብሉቱዝ። በገመድ ኤርፎን የሚያዳምጥ ሰው ረዘም ያለ ጊዜ ያገኛል። የድምፅ መጠንም፣ ትልልቅ የፍላክ ፋይሎችም (የድምፅ ጥራት ሳይቀነስ የተቀመጡ ዘፈኖች) ድርሻ አላቸው። ለረጅም ጊዜ የማትጠቀምበትን ማጫወቻ ግማሽ ያህል ቻርጅ አድርገህ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጠው፤ ባዶውን ከተውከው ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። ያበጠ ባትሪ ካየህ ደግሞ አትውጋው፣ አትጫነው፣ ቻርጅም አታድርገው። አፕል በ2011 የመጀመሪያውን አይፖድ ናኖ የሰበሰበው ባትሪው ከልክ በላይ ስለሚግል ነበር።

ቻርጅ ማድረጊያው ዛሬ ቀለል ብሏል። የድሮው አይፖድ ሹፍል አንዳንዱ ቻርጅ የሚደረገው በኤርፎኑ ቀዳዳ ነበር፤ እየሞላ ማዳመጥ የለም ማለት ነው። አሁን አብዛኛው አዲስ ዕቃ ታይፕ ሲ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ ለአዳዲስ ስልኮች፣ ኤርፎኖችና ተንቀሳቃሽ ስፒከሮች ግዴታ አድርጎታል። ርካሽ ማጫወቻ ግን ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ አልሞላ ሊልህ ይችላል። ተበላሸ ብለህ አትጣለው፤ አንዱ ጫፉ የድሮው ሰፊ ዩኤስቢ በሆነ ገመድ ሞክረው። ለፈጣን ቻርጀርም ገንዘብ አታውጣ፣ ማጫወቻው የሚስበው የአቅሙን ያህል ብቻ ነው።

እንዲያውም የሚስበው በጣም ትንሽ ስለሆነ አንዳንድ ፓወር ባንክ ምንም የተሰካበት ነገር የለም ብሎ ራሱን ያጠፋል። ሁለት ቀዳዳ ካለው ከጎኑ ስልክ ሰካበት፤ ስልኩ እስኪሞላ ድረስ ማጫወቻውም አብሮ ይሞላል።