የበረሃ ንግሥት ጉንዳን ምንድን ናት? በምንስ ትለያለች?

ሰኔ ገብቶ ጎንደር ላይ ዝናቡ ሲጠና፣ ማታ አምፖል ስር አሸን ይፈላል። ጠዋት በረንዳው ላይ ክንፍ ብቻ ረግፎ ይገኛል። «ንግሥት ጉንዳን ያዝኩ» ብሎ ጠርሙስ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የያዘው ከዚሁ አሸን አንዱን ነው። አሸን ደግሞ ምስጥ ነው። ምስጥ ከበረሮ ወገን ሲሆን ጉንዳን ከንብና ከተርብ ወገን ነው። የምስጥ አራቱም ክንፎች እኩል ናቸው፤ ወገቡ አልቀጠነም፤ አንቴናውም ቀጥ ያለ ነው። የጉንዳን ግን የፊት ክንፎቿ ከኋላዎቹ ይረዝማሉ፣ ወገቧ ቅጥን ብሏል፣ አንቴናዋም እንደ ክርን ይታጠፋል።

ንግሥት ጉንዳን እንቁላል የምትጥል እናት ናት። ንግሥት ትባል እንጂ ማንንም አታዝም። አብዛኞቹ በሕይወታቸው አንድ ሰሞን ብቻ ይበርራሉ። ከወንዱ ጋር ከተገናኘች በኋላ እሱ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል፤ እሷ ክንፎቿን ራሷ ገንጥላ ጥላ አፈር ትቆፍራለች። በብዙ ዝርያዎች ጉድጓዱን ከውስጥ ትዘጋና የመጀመሪያዎቹ ልጆች እስኪደርሱ ምንም አትቀምስም። የበረረችበት የክንፍ ጡንቻ ይሟሟና ስንቅ ይሆናታል። እንግዲህ ሜዳ ላይ ብቻዋን ስትሄድ የምትገኘው ክንፏን ጥላ ጉድጓድ እስክትገባ ባለችው አጭር ጊዜ ነው። በረሃ ላይ ይህ ጊዜ ዝናብን ይከተላል። አሸዋው ካልራሰ ለመቆፈር አይመችም፤ ሙቀቱም ይገድላታል።

ጎንደር ራሷ ወይና ደጋ ናት፣ ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ወደ መተማና ቋራ ሲወረድ ያለውም ሞቃት ቆላ እንጂ እንደ ሰሃራ ያለ የአሸዋ ባሕር አይደለም። ቢሆንም ለሰሊጥ ሥራ ወርዶ ትልቅ ጉንዳን በሃይላንድ ጠርሙስ ይዞ የሚመለስ አይጠፋም። ጥያቄው «ይቺ ምን ትባላለች?» ነው።

ከዚያ በፊት ግን ንግሥት መሆኗ ይጣራ። ትልቅነቷ አያሳምናችሁ። በብዙ የቆላና የበረሃ ጉንዳኖች ዘንድ ጭንቅላታቸው የገዘፈ ሠራተኞች አሉ፤ ሰው የሚሸወደውም በእነሱ ነው። ከጭንቅላቷ ይልቅ ደረቷን እዩት። የንግሥት ደረት ወፍራምና ጎበጥ ያለ ነው፤ የክንፍ ጡንቻ መቀመጫ ነበርና። የሠራተኛ ደረት ቀጭን ነው። በስልክ ካሜራ አቅርባችሁ ከጎን ስታዩት፣ ክንፉ የተገነጠለበት ቦታ ላይ ትንንሽ ጥቁር ጉቶዎች ይቀራሉ። ይህን ካያችሁ ነገሩ አለቀ ማለት ይቻላል።

ግንባሯ ላይ በሦስት ማዕዘን የተደረደሩ ሦስት ጥቃቅን ዓይኖችም አሉ። ብዙ ሰው በእነሱ ይተማመናል። በረሃ ላይ ግን ያሳስታሉ፤ ካታግሊፊስ በሚባለው ወገን ሠራተኞቹም እነዚህ ዓይኖች አሏቸውና።

ሌላም አሳሳች አለ። ማታ መብራት ላይ እየተላተመ የሚወድቅ፣ ቡናማ፣ ጸጉራም፣ ቋሊማ የመሰለ ባለ ክንፍ ፍጥረት አይታችሁ ይሆናል። ያ በሰልፍ የሚጓዘው የዶሪለስ ጉንዳን ወንዱ ነው። የዶሪለስ ንግሥት ክንፍም ዓይንም የላትም፤ ከሠራዊቷም ስለማትለይ ብቻዋን መንገድ ላይ አትገኝም።

አሁን ወደ ስሟ። መጀመሪያ ወገቧን ቁጠሩ። በደረትና በሆድ መካከል አንድ ጉብታ ነው ያለው ወይስ ሁለት? ሁለት ከሆነ ሜሶር ልትሆን ትችላለች፤ እህል ለቃሚዋ። በረሃ ላይ የሚኖሩ ብዙ ሜሶሮች ከአገጫቸው ስር አሸዋ የሚሸከሙበት ረጃጅም ጢም አላቸው። አንድ ጉብታ ካላት፣ በሆዷም ጫፍ ላይ በጸጉር የተከበበች ክብ ቀዳዳ ካለች፣ ካምፖኖተስ ከሚባለው ወገን ወይም ካታግሊፊስ ልትሆን ትችላለች። እነዚህ አይናደፉም፤ በዚያች ቀዳዳ አሲድ ይረጫሉ። ካታግሊፊስ እግረ ረጅም ናት። ከዚህ ወገን የሰሃራዋ ብርማ ጉንዳን ሠራተኛ አሸዋው ከ50 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ሌላው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ፣ እሷ ለምግብ ትወጣለች።

ሜሶርን ካነሳን፣ የኬንያውን ጉድ ሳልጠቅስ አላልፍም። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ አራት ሰዎች ጉንዳን በማዘዋወር ተፈርዶባቸዋል፤ እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ወይም አንድ ዓመት እስራት። ሁለቱ የተያዙት ወደ 5,000 ከሚጠጉ ንግሥቶች ጋር ነው፤ በብልቃጥ፣ በጥጥ ተወትፈው። አብዛኞቹ ሜሶር ሴፋሎቴስ ከሚባለው የሜሶር ዝርያ ነበሩ። ውጭ አገር ጉንዳን ቤቱ የሚያረባ ብዙ ሰው አለ፤ ንግሥት ደግሞ ውድ ናት። ስለዚህ ማወቅ ሌላ፣ ለቅሞ መሸጥ ሌላ።

ከወገን አልፎ እስከ ዝርያ ስም መድረስ ግን ከባድ ነው። እስካሁን ስም የወጣላቸው ጉንዳኖች ከ14,000 በላይ ናቸው፣ የሚለያዩትም በጸጉር ብዛት ወይም በቆዳ ጭረት ሊሆን ይችላል። «ጥቁር ናት፣ ትልቅ ናት» የሚል መግለጫ ለማንም አይረዳም። የት ተያዘች? በስንት ወር? ከዝናብ በኋላ ነው? ቀን ወይስ ማታ መብራት ላይ? አፈሩ አሸዋ ነው ወይስ ጥቁር? ይህ ከሌለ ባለሙያም እጁን ይሰጣል። የፎቶ አነሳሱም ወግ አለው። አንትዌብ የተባለው የጉንዳን ድረ ገጽ እያንዳንዷን ከፊት፣ ከጎንና ከላይ ያሳያል፤ እናንተም እንደዚያው አንሱ፣ አጠገቧ ማስመሪያ አኑሩ። አልቆምም ካለች ጥቂት ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩዋት፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን አይሆንም። ፎቶው ካለቀ በኋላ መልሳችሁ እርጥብ አፈር ላይ ልቀቋት።